መርከብ ላይ ማርጀት

እንፍራንዝ፣ ክረምቱ ሊገባ ሰሞን። ከጎንደር–ባሕር ዳር አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ሦስት ዘመዳሞች ቡና ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። እትዬ የአጎታቸው ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሜሪላንድ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ሆነው ሠርተው እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል። መርከበኛው የመምህሩ ልጅ ነው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ተምሮ በዕቃ ጫኝ መርከብ ሞተር ክፍል ይሠራል፤ ኮንትራቱን ጨርሶ ለእረፍት መጥቷል። ጨዋታውን ያነሡት እትዬ ናቸው። ቀሪ ዘመኔን ክሩዝ በሚሉት የመዝናኛ መርከብ ላይ ልኑር አሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እትዬ፦ ወንድም ጋሼ፣ ይሥቁ እንጂ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። እኔ በሠራሁበት መጦሪያ አንድ ሽማግሌ በወር ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። ለምኑ? ለአንዲት ክፍል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለሚቀርብ ምግብ፣ ሌሊት ደወሉን ሲጫን እያለከለከች ለምትደርስ እንደኔ ላለች ሴት። መርከቡም ክፍል አለው፣ ምግብ አለው፣ አንሶላ የሚለውጥ አለው፣ ሐኪም አለው። አሮጌ መርከብ ላይ፣ ገበያው በቀዘቀዘ ሰሞን፣ መስኮት የሌላትን ክፍል ከያዙ በቀን መቶ ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይገኛል።

መምህሩ፦ እኛ ዘንድ መስኮት የሌለው ቤት ጎተራ ነው።

እትዬ፦ ክፍሏ ለመኝታ ናት፤ ቀኑን የምውለው ውጭ። ደግሞ እኔ የፈጠርሁት ነገር አይደለም። በ2004 ሁለት የቺካጎ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና መጽሔት ላይ መጦሪያንና መርከብን አወዳድረው ጽፈዋል። ወጪው ተቀራራቢ ነው ያሉት። እኛ ሠራተኞቹ ምሳ ሰዓት ላይ «ሽማግሎቹ ሁሉ ባሕር ከገቡ እኛም እንጀራችን ቀረ» እያልን እንሥቅ ነበር። ማማ ሊ የሚሏት ባልቴት እንኳ ባሏ ከሞተ በኋላ ክሪስታል ሴሬኒቲ በሚባል መርከብ ላይ ዓመታት ኖራ መጽሐፍ ጽፋለች።

መርከበኛው፦ እትዬ፣ ማማ ሊን ለርካሽ ኑሮ ምስክር አይጥሯት። በዓመት 164 ሺህ ዶላር ገደማ ትከፍል ነበር ተብሎ ነው የተጻፈው። የእርስዎ መቶ ዶላር ደግሞ «ለአንድ ሰው» ይላል እንጂ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ ማለት ነው። ብቻዎን ከገቡ ያልመጣውን ሰው አልጋ አብረው ይከፍላሉ፤ ሲቀናዎት አንድ ተኩል፣ ሳይቀናዎት ድርብ። ከዚያ ጉርሻ አለ። በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ሳይጠይቁዎት ሒሳብዎ ላይ ይጨመራል፤ በወር 500፣ 600 ዶላር ነው። ኢንተርኔቱ ለብቻው፣ ኢንሹራንሱ ለብቻው፣ ልብስ እጥበቱ ለብቻው።

እትዬ፦ እጄ ምን ሊሠራ ነው? አጥበዋለሁ። ደግሞ ለደጋገመ ደንበኛ ነጥብ ይጠራቀምለታል፤ ነጥቡ ሲበዛ እጥበቱንም ኢንተርኔቱንም በነፃ ይለቁልሃል። ጡረታዬ እንደ ብዙው ሰው ወደ 1,900 ዶላር ነው። ቤቴ ዕዳዋ አልቋል፤ አከራያታለሁ። ጡረታውና ኪራዩ ተደምረው ድርቡንም ይችሉታል።

መርከበኛው፦ ቤቱን አከራያለሁ ካሉ ይሁን። እሸጣለሁ ቢሉ ኖሮ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር። በ2023 ላይፍ አት ሲ የተባለ የሦስት ዓመት ጉዞ ከኢስታንቡል ይነሣል ተብሎ ሰው ዕቃውን ሸጦ፣ ሥራውን ለቆ፣ ቤቱን ለቆ ሄዶ ነበር። ጉዞው ኅዳር ላይ ተሰረዘ፤ መርከቧን የገዛት ሌላ ኩባንያ ነው። በ2024 ደግሞ ቪላ ቪ ኦዲሲ የምትባል አሮጌ መርከብ ቤልፋስት ጥገና ገባች፤ መሪዋና ማርሽ ሳጥኗ። ግንቦት ላይ ትነሣለች የተባለችው መስከረም ማለቂያ ላይ ነው የተነሣችው። ነዋሪዎቹ ቀን ቀን መርከቧ ላይ ይውሉ ነበር፣ ማታ ሆቴል። እኔ የሞተር ክፍል ሰው ነኝ፤ በ1993 የተሠራ መርከብ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ምግቡ አይደለም።

መምህሩ፦ ሕመም ቢመጣስ? ደም ብዛት አለብሽ።

እትዬ፦ ሜዲኬር መርከብ ላይ የሚከፍለው መርከቡ በአሜሪካ ውኃ ውስጥ፣ ከወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ሳይርቅ ነው። ይኸን ለስንት ቤተሰብ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዓለምን የሚዞረውን ትቼ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ካሪቢያንን ዞሮ በሳምንቱ የሚመለሰውን መረጥሁ። መርከቡ ተሳፋሪ ሲያወርድና ሲጭን እኔ ወረድ ብዬ ከፋርማሲ መድኃኒቴን አነሣለሁ። ሐኪሜም እዚያው ከተማ ይሆናል።

መርከበኛው፦ ይኼ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እውነቴን ነው። ግን ሁልጊዜ ያንኑ ክፍል አያገኙም። በሳምንቱ ጠዋት ሻንጣ ሸክፎ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ዘጠነኛ መውጣት አለ። ቡናዎንም ይርሱት።

እትዬ፦ ምን ማለትህ ነው?

መርከበኛው፦ ከሰል የለም፣ እጣን የለም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ቡና ማፍያ እንኳ ሻንጣ ሲፈተሽ ይያዛል። መርከብ ላይ ከውኃ ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው። ክፍልዎ ውስጥ አንድ ፍሬ እጣን ቢያጨሱ ጣሪያው ላይ ያለው ጠቋሚ ይጮኻል፤ ባለ ሄልሜት ሰዎች በርዎን ይሰብራሉ።

እትዬ፦ የተፈላውን ከካፍቴሪያው እጠጣለሁ። ጾሙ ግን አያስቸግረኝም። አትክልት፣ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ፍራፍሬ ነው የሚደረድሩት፤ ፈረንጁም ሥጋ መተው ጀምሯል።

መምህሩ፦ እናንተ እንደ አዲስ የምታወሩትን ኑሮ ይኸ አገር ኖሮት፣ ሰልችቶት የተወው ነው። ከግቢው ወጥተሽ ወደ ኮረብታው ቀና ብትዪ የጉዛራን ግንብ ታያለሽ። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት እኮ ቤት አልነበራቸውም። ዘርአ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ 14 ዓመት ያህል ረጉ፤ የዚያ ዓይነቱ ብርቅ ነው። ሌላው ድንኳን ነቅሎ ድንኳን ሲተክል ነው ዕድሜው ያለቀ። ከ1520 እስከ 1526 እዚህ አገር የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የልብነ ድንግልን ሰፈር ዐይቶ ጽፎታል። ከ5 ሺህ የማያንስ ድንኳን፣ ከ50 ሺህ የሚበልጥ በቅሎ። 13 ቤተ ክርስቲያን አብሮ ይጓዛል፤ አንዱን ታቦት አራት ካህናት በትከሻቸው ይሸከማሉ፣ አራት ደግሞ ለተራ ይከተላሉ። አራት አንበሶች በሰንሰለት ይነዳሉ። የንጉሡ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ የቀኙ በቀኝ፣ የግራው በግራ፣ ዳኛው በቦታው፣ ገበያው በቦታው። ዛሬ ሸዋ፣ በሁለት ወር አንጎት፤ ሰፈሩ ግን ያው ሰፈር፣ ጎረቤቱ ያው ጎረቤት።

እትዬ፦ ይኸማ ክሩዝ ነው!

መምህሩ፦ ነው እንጂ። እንዲያውም ለንጉሡ በጣም ርካሽ ክሩዝ። ያ ሁሉ አፍ ምን ይበላ ነበር? ያረፈበት አገር ድርጎ ያመጣለት ነበር። እንጀራው፣ ማሩ፣ ጠላው፣ በጉ፤ ለበቅሎው ገብስ። እንጨቱ ሲመለጥ፣ ጎተራው ሲጠረግ «ተነሥ!» ይባላል። ንጉሡ ወጪውን አያይም፤ እሱ ሲነሣ ወጪው እዚያው ከገበሬው ጋር ይቀራል። ኋላም ቢሆን ወታደሩ በባላገር ቤት ተሰሪ እየሆነ ሚስቲቱን ፍጪ፣ ጋግሪ ሲል ነው የኖረው፤ ምኒልክ በ1892 አሥራት አስከፍለው ለመግታት እስኪሞክሩ ድረስ። አዲስ አበባ ራሷ ለጥቂት ነው የተረፈችው። በ1900 ግድም ማገዶዋ አልቆ ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ባይደርስላት ዛሬ ፍርስራሽ ነበረች።

እትዬ፦ ታዲያ ጉዛራ የማን ነው?

መምህሩ፦ ሠርፀ ድንግል ናቸው ያሠሩት ይባላል፤ ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት። የለም፣ የፋሲል ዘመን ሥራ ነው የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ሠርፀ ድንግል ግን እንፍራንዝን መክረሚያ እንዳደረጓት የታወቀ ነው። ያሠራው የትኛውም ይሁን፣ ኖራና ድንጋይ በበቅሎ አይጫንም። ከዚህ ወዲያ ነው እንግዲህ ፋሲል በ1636 ጎንደር ላይ የረጉት። ይኸን ሁሉ የማወራሽ የሚዞር ሰውም መክረሚያ ይፈልጋል ለማለት ነው።

እትዬ፦ ራስዎ ረቱልኝ! ንጉሡም ክረምቱን ብቻ ነው የቆመው፤ በጋው ሲገባ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። በጋውን በባሕር፣ ክረምቱን በመሬት።

መርከበኛው፦ ችግሩ ርካሹ ያው ክረምቱ መሆኑ ነው። ካሪቢያን ላይ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። መርከብ ዋጋ የሚጥለው ያኔ ነው፤ ነገሥታቱ ድንኳን በማይነቅሉበት ሰሞን። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሲመጡ ያቺ መቶ ዶላርዎ የለችም፤ ፈረንጅ ብርድ ሸሽቶ መርከቡን ሞልቶታል።

እትዬ፦ አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነህ?

መርከበኛው፦ ከሒሳቡ ጋር። አባባ ያሉትን ደግሞ እኔ ላንሣው። ድርጎውን የሚከፍለው ማን ነው? እኔ ዕቃ ጫኝ ላይ ነኝ፤ ኮንቴይነር አንሶላ ለውጥልኝ አይልም። ግን ወደብ ላይ የመርከበኞች ማረፊያ አለ፤ ኢንተርኔት ፍለጋ ሁላችንም እዚያ እንሰበሰባለን። አንድ ቀን ክሩዝ ላይ ክፍል ከሚያጸዳ ፊሊፒናዊ ጋር ተቀመጥሁ። እያወራኝ እጁ አያርፍም፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሶፍት አጠፈ፣ ጠመዘዘ፣ ዝሆን ሆነ። ከነኩምቢው። በየክፍሉ ፎጣውን እንደዚያ አድርጎ አልጋ ላይ ያስቀምጣል፤ እንግዳው እንዲደሰት። የጣቶቹ መገጣጠሚያ በሳሙናው ተሰነጣጥቋል። ልጁ ስትወለድ ያያት በስልክ ነው። ኮንትራቱ 9 ወር፣ እሑድ የሚባል ቀን የለም። የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥራ ስምምነት በሳምንት እስከ 72 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል። የኩባንያው ቢሮ ማያሚ ነው፤ መርከቡ የሚያውለበልበው የባሃማስ ወይም የፓናማ ባንዲራ ነው፤ ስለዚህ ደሞዙ በአሜሪካ ሕግ አይለካም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአንድ የሠለጠነ መርከበኛ የተቀመጠው ዝቅተኛ መነሻ ደሞዝ በ2024 በወር 666 ዶላር ነበር። የእርስዎ መጦሪያ ውድ፣ መርከቡ ርካሽ የሆነው ባሕሩ ቸር ስለሆነ አይደለም።

እትዬ፦ ለኔ ነው ይኸን የምትነግረኝ? እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው አንሶላ ስለውጥ፣ የሰው ገላ ሳጥብ ማን አዘነልኝ? ይኼ ወገቤ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከራሴ ሁለት እጥፍ የሚከብድ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ሳነሣ ነው። ገናን ሠርቻለሁ፣ ፋሲካን ሠርቻለሁ፤ እናቴ ስትሞት እንኳ በተራዬ ላይ ነበርሁ። አሁን አንድ ሰው ለኔ አንሶላ ቢለውጥልኝ፣ ምግብ ቢያቀርብልኝ፣ አንተ ሕሊናዬን ትቆነጥጣለህ!

መርከበኛው፦ እትዬ፣ እንደሱ ለማለት ሳይሆን...

መምህሩ፦ የገበሬው ልጅም ወታደር የሆነ ዕለት የሌላ ገበሬ ቤት ተሰሪ ይሆን ነበር። እናቱ ስትፈጭ እያየ ያደገ ልጅ፣ የሰው እናት «ፍጪ» ይላል።

እትዬ፦ ይኸ ነገር ገባኝ። አልወደድሁትም፣ ግን ገባኝ። መርከብ ላይ ወጪ ለመቀነስ ብለው እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደው «ጉርሻውን ከሒሳቤ ሰርዙልኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይሰረዝላቸዋልም። እኔ ያንን አላደርግም። በጉርሻ የምትኖር ልጅ ምን እንደምታስብ ዐውቃለሁ።

መርከበኛው፦ እንግዲያስ ያ 600 ዶላር ከሒሳቡ አይወጣም ማለት ነው።

እትዬ፦ አይወጣም። ጻፈው።

መምህሩ፦ ሌላም የሚጻፍ አለ። የኮሮና ጊዜ ያች መርከብ ማን ነበረች?

መርከበኛው፦ ዳይመንድ ፕሪንሰስ። የካቲት 2020፣ ዮኮሃማ ወደብ። 3,711 ሰው ተሳፍሮባት ነበር፤ ከ700 በላዩ ተያዘ። በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ወደብ ሁሉ በሩን ዘጋ፤ ተሳፋሪው ቢቸግር በአውሮፕላን ተወሰደ፣ ሠራተኛው ግን ወራት ባሕር ላይ ቀረ። ቤት ያለው ተሳፋሪ ቤቱ ተመለሰ። ቤቴ መርከቡ ነው ያለ ሰው ወዴት ይመለስ?

እትዬ፦ ለዚያ ነው አልሸጥም ያልሁህ። ተከራዩንም በዓመት ውል ነው የማስገባው፤ ከዚያ በላይ አላስረዝምም።

መምህሩ፦ ብትሞችስ?

እትዬ፦ ይኸው፣ መጣ!

መምህሩ፦ አይ፣ ከልቤ ነው የምጠይቅሽ።

መርከበኛው፦ መርከቡ ትንሽ የማቀዝቀዣ ክፍል አለው፣ ለጥቂት ሰው የሚበቃ። አስከሬን እስከሚቀጥለው ወደብ እዚያ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቤተሰብ ነው የሚጨርሰው። የውጭ አገር ወደብ ከሆነ ወረቀቱም ወጪውም ከባድ ነው፤ ኢንሹራንሱ አስከሬን መመለስን የሚጨምር መሆኑን አስቀድሞ ማየት ነው።

መምህሩ፦ እነዚያ ሲዞሩ የኖሩ ነገሥታት እንኳ ማረፊያቸውን ያውቁ ነበር። ዳጋ እስጢፋኖስ ሄደሽ ታያለሽ፤ ዘርአ ያዕቆብ እዚያ ነው፣ ፋሲልም እዚያው። ስንት አገር የረገጠ እግር ሁሉ ጣና መሀል ባለች አንዲት ደሴት ተሰብስቧል። አንቺስ ዕድርሽ የት ነው?

እትዬ፦ ሜሪላንድ አለ፤ አንድ ወር አላስተጓጎልሁም። እንዲያውም አገር ቤት መላክንም ይሸፍናል። ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ተቀመጪ ሊሉኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ቢጫ ካርድ አለኝ፣ መኖር እችላለሁ። በዶላር ካሰብነው እንፍራንዝ ከየትኛውም መርከብ ይረክሳል። ግን ደሜ ሽቅብ ያለ ሌሊት ጎንደር ሆስፒታል መድረስ አለብኝ። መንገዱ የተዘጋ ቀን በየት ልሂድ? ያቺ የምውጣት መድኃኒት እዚህ ፋርማሲ አንድ ወር ትገኛለች፣ ሁለት ወር ትጠፋለች። እርስዎ ከጎረቤት ጋር ለምደውታል፤ እኔ ለምጄ የመጣሁት ሌላ ነው። ፈርቼ ቁጭ ማለትም ርካሽ ኑሮ አይደለም።

መምህሩ፦ በመንገዱ ላይ አልከራከርሽም።

እትዬ፦ ብቻዬን ሜሪላንድ ልቀመጥስ? በረዶ ሲጥል በር የማልከፍትበት ሳምንት አለ። እኔ በሠራሁበት ቤት ልጆቻቸው ለልደት ብቻ የሚመጡላቸውን አይቻለሁ። እነሱን ሳይ ነው መርከቡ የታየኝ። ቁርስ ላይ ቢያንስ «ደህና አደርሽ?» የሚል ሰው አለ። ደሞዝ ተከፍሎት ይበል፤ እኔም ደሞዝ ተከፍሎኝ ነው ያልሁት፣ ግን ከልቤ ያልሁባቸው ቀኖች ነበሩ።

መምህሩ፦ መርከብ ካማረሽ ጣና አለልሽ! የድሮዋ ጀልባ ከባሕር ዳር ጎርጎራ ስትሄድ ቁንዝላ ታድር ነበር። አሁን ደግሞ ጣና ነሽ ሁለት ከጅቡቲ በመኪና ተጭና መጥታለች። መርከብ መኪና ስትሳፈር ያየን እኛ ነን።

እትዬ፦ ይቀልዱ። ልጄ፣ ወረቀቱን ስጠኝ። ሦስት ወር ለሙከራ ብል ስንት ይመጣል?

መርከበኛው፦ ብቻዎን፣ ድርቡን ከፍለው፣ ጉርሻውን ጨምረው፣ ኢንሹራንሱን ሳልቆጥር፣ በቀን 220 ዶላር ይያዙ። በወር 6,600። ከመጦሪያው ይበልጣል። ጓደኛ ይዘው ክፍሉን ቢጋሩ 120 አካባቢ ይወርዳል፣ በወር 3,600።

እትዬ፦ አየህ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። አብራኝ የሠራች አንዲት የሐረር ልጅ አለች፣ እሷም ጡረታ ወጥታለች። ታንኮራፋለች እንጂ ሰው ናት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢሆንስ፣ ዋጋው ሳይወጣ?

መርከበኛው፦ አውሎ ነፋስ ነው አልሁዎት እኮ። መርከቡ መንገድ ይቀይራል እንጂ አይገባበትም፤ ግን ያልፈለጉት ወደብ ሊያሳድሩዎት ይችላሉ፣ ሰባቱ ቀን ዘጠኝ ሊሆን ይችላል። መድኃኒትዎን ለሁለት ሳምንት ትርፍ ይያዙ።

እትዬ፦ ለአንድ ወር እይዛለሁ። ግባና ክፍል ፈልግልኝ፤ ባለ ሁለት አልጋ፣ ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ፣ መሀል አካባቢ። እዚያ አያንገላታም ብለኸኛል።

መርከበኛው፦ ኔትወርኩ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።

መምህሩ፦ እኔ ግን ከወዲሁ ልንገርሽ። ያቺ የሐረር ልጅ ሐሳቧን ብትቀይር ድርቡን ሙሉልኝ እንዳትዪኝ። የመምህር ጡረታ የመርከቧን ጉርሻ እንኳ አትሸፍንም።